ቀና ብለሽ እይኝ

እኛ ባስተማርንበት ጊዜ እኮ፣ መቅደስዬ፣ ሳቅሽን ተይና አክስትሽን ስሚ፣ ነገ ለሥራ ኢንተርቪው ስትገቢ "ዓይናቸውን እያየሽ መልሺ" ያሉሽ ነገር ያኔ ነው የመጣብን። ሚሊኒየሙ ሊገባ ሲል ነው። ካዛንቺስ፣ ከኡራኤል ወረድ ብሎ ባለ አዳሪ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። አዳሪ ስልሽ የድሃ ማሳደጊያ እንዳይመስልሽ! የነጋዴ ልጅ፣ የባለሥልጣን ልጅ፣ ከየክፍለ ሀገሩ እየመጣ፣ እዚያው እየበላ እዚያው እያደረ ለውጭ አገር ኮሌጅ የሚዘጋጅበት ነው።

ታዲያ ቤተ መጻሕፍት ነበረን። ምን ዓይነት ቤተ መጻሕፍት መሰለሽ! መደርደሪያው እስከ ኮርኒሱ፣ ወንበሩ አዲስ፣ መጽሐፉ አዲስ። እና ቁልፉ የት ነው? ዳይሬክተሩ ኪስ ውስጥ! እንግዳ ሲመጣ ይከፍታል፣ ልጆቹ ገብተው መጽሐፍ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ እንግዳው ሲሄድ በሉ ውጡ ይልና ቀጭ አድርጎ ይቆልፋል። በየስብሰባው ጮኸናል። "ይከፈት እንጂ፣ ልጆቹ ምን ያንብቡ?" "ያበላሹታል።" "መጽሐፍ እኮ ሊነበብ ነው የተገዛው!" "አጀንዳችን አይደለም፣ እንቀጥል።" በቃ! አጀንዳችን አይደለም! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ዘይነብ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። አባቷ ደሴ ነጋዴ ናቸው። ጭምት ናት፣ ትልቅ ሰው ሲያናግራት ዓይኗን መሬት ላይ የምትተክል፣ አስተማሪ ሲገባ ብድግ፣ ሲወጣ ብድግ የምትል ልጅ። አስተዳደግ ነዋ! ታዲያ አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ሰው ልኮ ተማሪ ሊመርጥ ነው ተባለና፣ ዳይሬክተሩ "መጀመሪያ እኔ ልፈትናቸው" አለ። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ። ዘይነብ ገባች።

"ቀና ብለሽ እይኝ!"

እሷ ጭራሽ አንገቷን ደፋች።

"ከክፍልሽ ልጆች ሁሉ አንቺን ለምን እንምረጥ?"

ምን ብትል ጥሩ ነው? "እኔ ምንም አይደለሁም፣ ሩት ትሻለኛለች፣ እሷን ምረጧት።"

ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው እኮ እሷ ናት! ሰው ፊት ራስን ማሞገስ ነውር ነው ተብላ አድጋ ምን ትበል? እሱ ግን እጁን አወራጨ። "ውጪ! ይህቺ በራስ መተማመን የሚባል የላትም፣ ታዋርደናለች፣ አትቀርብም።"

"እንዴት አትቀርብም?" ብዬ ተነሳሁ። "ይሉኝታ እኮ ነው፣ ልጅቷን ኮሌጅ ሊያስቀሯት ነው?"

"እንግዲያው እርስዎ ያስተካክሏት። ካልተስተካከለች ግን የለችበትም።"

እና ያዝኳት። ከትምህርት በኋላ ግቢው ውስጥ እየተንሸራሸርን፣ "ዘይነብዬ፣ ለእነሱ ዓይን ማየት ድፍረት አይደለም። ሲጠይቁሽ ቀና በይና እውነቱን ተናገሪ፣ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ" እላታለሁ። "ቲቸር፣ አባቴ ቢያየኝ ይቆጣኛል።" "አባትሽ የላኩሽ ኮሌጅ እንድትገቢ ነው!" እንዲህ እላለሁ እንጂ ውስጤ ይቃጠላል፣ ማለቴ ሰው በጨዋነቱ ይቀጣል?

ቀኑ ደረሰ። እንግዳዋ ፈረንጅ ሴትዮ ናት፣ ዳይሬክተሩ ከረባቱን አስሮ አጠገቧ፣ እኔ ጥግ ይዣለሁ። ዘይነብ በእንግሊዝኛ ስለ ትምህርቷ አሳምራ መለሰች፣ ያውም ቀና ብላ። ታዲያ ሴትዮዋ በመጨረሻ፣ "ትምህርት ቤትሽ ውስጥ አንድ ነገር መቀየር ብትችዪ ምን ትቀይሪያለሽ?" አለቻት። ዘይነብ አሰበች። ከዚያ ዞር ብላ ማንን ብታይ ጥሩ ነው? ዳይሬክተሩን! ዓይኑን!

"ቤተ መጻሕፍቱን አስከፍት ነበር። የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ዛሬም እርስዎ ሲሄዱ ይቆለፋል። ቁልፉ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው።"

ኧረ ጉድ! የሰውዬው ጆሮ ቀላ፣ እጁ ሳያስበው ወደ ኪሱ ሄደ። ሴትዮዋ አየችው። እሱም "ይቅርታ፣ ስልክ አለብኝ" ብሎ ተነሳ። ታዲያ ያቺ ልጅ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ብድግ አለችለት! ያን ሁሉ ተናግራበት፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እስኪወጣ ድረስ ቆመች። እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው።

ከሰዓት በኋላ ቢሮው ጠራኝ። "ይህቺን ልጅ ባለጌ ያደረጓት እርስዎ ነዎት!"

"ቆይ እንጂ! ባለፈው ዓይኔን አላየችም ብለው ሊያስቀሯት ነበር። አሁን ስታይዎ ባለጌ ናት ይላሉ። የቱን ነው የሚፈልጉት?"

 

ዘይነብም ተመረጠች፣ ሄደች። ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ በማግስቱ ተከፈተ፣ ሴትዮዋ ተመልሼ መጥቼ አየዋለሁ ብላ ነበራ። ልጆቹ ሲገቡ ብታያቸው! እኔ ግን ደስ እያለኝም ተናድጄ ነው የቀረሁት። እኛ ያን ያህል ዓመት ስንጮህ አጀንዳ ያልሆነ ነገር፣ ፈረንጅ ጆሮ ሲገባ አጀንዳ ይሆናል? እኛ ሰው አይደለንም? የገዛ ልጆቻችን ናቸው እኮ!

"እና አክስቴ፣ ነገ ዓይናቸውን ልይ?"

እይ እንጂ! ግን ትልቅ ሰው ሲነሳ ደግሞ ብድግ በዪ።

"ብድግ ቁጭ ስል ሥራው ቢያመልጠኝስ?"

ያምልጥሽ! ብድግ አልሽ ብለው ከከለከሉሽ ግን ቢሮውን አሳዪኝ፣ እኔው ራሴ ሄጄ ዓይናቸውን አየዋለሁ! (ሳቅ)