ዘጠኙ ሙዳዮችና የሶፊያው መንገድ

የምስክር ቃል

ቀን፦ ረቡዕ መጋቢት 17 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከሩብ
ቦታ፦ ጅማ፣ ፖሊስ ጣቢያ
የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ያለምወርቅ ፈለቀ
ዕድሜ፦ 47
የትውልድ ቦታ፦ አጋሮ
አድራሻ፦ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ቀበሌ
ሥራ፦ በቡና መጋዘን ጆንያ ሰፊ
የትምህርት ደረጃ፦ ትምህርት ቤት ያልገቡ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ
ቃል ተቀባይ፦ አሥር አለቃ ጎሳዬ ተክሌ

ወ/ሮ ለጢፋ አባ ቢያ ያለ ፈቃድ ቡና በማጓጓዝ ተጠርጥረው ስለተያዙበት ጉዳይ የማውቀውን እንድናገር ተጠርቼ ቀርቤያለሁ። ሐሰት ብናገር እንደምጠየቅ ተነግሮኛል። መጻፍ እንደምችል ስነግራቸው አሥር አለቃው ቃሌን በራሴ እጅ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። የጠየቁኝንም በየቦታው አስገብቻለሁ።

ለጢፋን አሥራ አንድ ዓመት አውቃታለሁ። ቤታችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው። የአክርማ ስፌት ትሠራለች፤ የሰፈራችን ሴቶች የእጅ ሥራ ማህበርም አባል ናት። እኔ አክርማ መስፋት አልችልም። ፊደል የለየሁት ከጆንያ ላይ ጽሑፍና ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው፤ ሌላ ሰው ስላልነበረ የማህበሩን ደብዳቤ እኔ እጽፋለሁ።

ባለፈው ኅዳር ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። በቡልጋሪያ አገር በሶፊያ ከተማ የእጅ ሥራ ሴቶች ጉባኤ ስለሚደረግ ከክፍለ ሀገሩ አንዲት ሠራተኛ ሴት ከነሥራዋ እንድትላክ፣ አንዲት ተጠባባቂም እንድትያዝ የሚል ነበር። ሊቀመንበራችን ጓድ ወርቂቱ ሰበሰበችን። እጅ ሲቆጠር ለጢፋ ሃያ ሁለት፣ እኔ አራት አገኘሁ። እሷ ተመረጠች፣ እኔ ተጠባባቂ ሆንኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጉዞው ወረቀት ሁሉ በእኔ እጅ ነበር። ለተጠባባቂዋም እኩል ይዘጋጅ ስለተባለ ሁሉንም ነገር በሁለት በሁለት አወጣሁ። የቀበሌ ማስረጃ፣ ስድስት ስድስት ፎቶግራፍ፣ ቢጫው የክትባት ደብተር፣ የመውጫ ቪዛ ማመልከቻ። ለጢፋ ሻሿን አላወልቅም በማለቷ ፎቶ ቤት ሦስት ቀን ተመላልሰናል። ክትባቱ ክንዷን አሳብጦት ዘጠኝ ቀን ወስፌ አልያዘችም። ተጓዧ እንደምትመለስ ዋስ ያስፈልጋል ተባለ። ባሏ ሙሐመድሳኒ ልፈርም ቢል ባል ለሚስቱ ዋስ አይሆንም አሉት። ስለዚህ እኔ ለእሷ ፈረምኩ፣ እሷ ለእኔ በጣቷ አተመች። አንድ ፊርማ በጎደለ ቁጥር አዲስ አበባ ሰው ስንልክ፣ የተላከው ሰው ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተብሎ ሲመለስ አራት ወር አለቀ።

ለጢፋ ፊደል ስለማታውቅ መንገዱን በአምስት ቁራጭ ካርቶን ላይ ሥዬ ሰጠኋት። አንዱ አውቶቡሱ፣ አንዱ መርካቶ ያለው የአክስቷ ቤት፣ አንዱ መሥሪያ ቤቱ ነው። አውሮፕላን በመንገድ እንደምትቀይር ስለተጻፈልን ሁለት አውሮፕላን ሣልኩ፤ እንዳይምታታባት ሁለተኛውን ቀይ ቀባሁት።

“ቀይ ባይሆንስ?” አለችኝ።

ያን አላሰብኩም ነበር። ቀይ ካልሆነ ሰው ጠይቂ አልኳት።

“በምን ቋንቋ፣ እትዬ? በኦሮምኛ ነው በአማርኛ?” ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

በጉባኤው የምትናገረውን የአምስት ደቂቃ ንግግር እኔ ጽፌ ማታ ማታ አነብላት ነበር። እሷ እየሰፋች በቃሏ ያዘችው። አንድም ቃል አትስትም።

ቅዳሜ መጋቢት 13 ቀን ከሰዓት በኋላ ለኤግዚቢሽን የተመረጡት ዘጠኝ ክዳን ያላቸው ሙዳዮች ወደ ማህበሩ ቢሮ መጡ። አንዱ የለጢፋ ነው። ስምንቱን ስምንት ሴቶች እያንዳንዳቸው ይዘው መጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ክዳናቸው በጨርቅ የታሰረ ነበር። ማንም የፈታ የለም።

አሥር አለቃው በሙዳዮቹ ውስጥ ቡና ለምን እንደተጨመረ ጠይቀውኛል። አሥር አለቃው የሌላ አገር ሰው ስለሆኑ አስረዳለሁ። እኛ ዘንድ ዕቃ ከቤት ባዶውን አይወጣም። የጎረቤት ሳህን ሲመለስ እንኳ አንድ ነገር ተደርጎበት ነው። ሙዳይ ደግሞ የሰፋችው ሴት እጅ ነው፤ ባዶውን ባሕር ተሻግሮ ቢሄድ ሶፊያ ያለ ሰው ከፍቶ ምን ይላል ብለው ያፈሩ ይመስለኛል። ያላቸው ደግሞ ቡና ነው። ከደጃቸው የለቀሙትን፣ ያጠቡትን፣ አንድ አንድ ፍሬ የመረጡትን ጥሬ ቡና ሞሉ። አንዳቸው ለአንዳቸው አልተናገሩም። እያንዳንዷ የእኔ አንዲት ጣሳ ናት ብላ ነው። ከስምንቱ አንዷ ሐጂራ የእሷን ስታስቀምጥ፣ “ቢስሚላህ፣ በሰላም ይግባ” ስትል ሰምቻለሁ። ከዚህ ሌላ የተባለ ነገር የለም።

እሑድ መጋቢት 14 ቀን ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ብቻዬን ቢሮው ገብቼ ሙዳዮቹን ማሸግ ጀመርኩ። እያንዳንዱን በአቡጀዲ ጠቅልዬ፣ የሠሪዋን ስም በወረቀት ጽፌ፣ ክዳኑ በመንገድ እንዳይከፈት ዙሪያውን ሰፋሁት። ያን ጊዜ ለጢፋ አልነበረችም፤ ልጇ ፈድሊያ ዘንድ ለስንብት ሄዳ ነበር።

አሥር አለቃው ስታሸጊ ቡና መሆኑን አላወቅሽም ወይ ብለው ጠይቀውኛል። አውቄያለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት የቡና ጆንያ ሰፍቻለሁ። የመጀመሪያውን ሳነሳ ጠረጠርኩ፤ ሦስተኛውን ሳነሳ አወቅሁ። የለጢፋ ሙዳይ ግን ቀላል ነበር፤ ቆሎ እንደሆነ በድምፁ ለየሁት፤ በእጇ ስለምትይዘው እሱን አልሰፋሁትም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አውሮፕላን ከሃያ ኪሎ በላይ አይቀበልም ስለተባለ ሻንጣውንና ሙዳዮቹን በጋሪ ጭኜ በመጋዘኑ ሚዛን ለማስመዘን ወሰድኩ። ተረኛው ሚዛን ያዥ ከሊል ነበር። ሃያ ሦስት ኪሎ መጣ። ከሊል ሙዳዮቹን አየት አድርጎ፣ “እትዬ ያለምወርቅ፣ እነዚህ ሙዳዮች አርግዘዋል እንዴ?” አለኝ። ሦስቱ ኪሎ እንዲቀንስ ለብርዱ ከአጋሮ ሰልባጅ የገዛንላትን ጥቁር ካፖርት ከሻንጣው አወጣሁ። ማታ ለለጢፋ ካፖርቱን ለብሰሽ ትሄጃለሽ አልኳት። “ጋሪዳ፣ እለብሳለሁ” አለች። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ አልጠየቀችኝምም።

ሰኞ መጋቢት 15 ቀን ከጧቱ 12 ሰዓት አውቶቡስ ተራ ሸኘናት። ሴቶቹ ሁሉ ነበሩ። ካፖርቱን ለብሳ፣ የራሷን ሙዳይ ጉልበቷ ላይ አድርጋ በመስኮት እጇን አወዛወዘች። ሌሎቹ ስምንት ሙዳዮች ጣራ ላይ ተጫኑ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አላየሁም። የነገረኝ የአውቶቡሱ ሹፌር ጀማለዲን ነው፤ ትናንት ማክሰኞ ሲመለስ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነገረኝ። እሱም ተጠርቶ ይጠየቅ። እንዳለኝ ከሆነ ወደ ግቤ ሲወርዱ ሙቀቱ በረታ፣ ለጢፋ ግን ካፖርቱን እንድትለብሰው ስለተነገራት አላወለቀችም። ኬላው ላይ ፈታሹ ሲገባ በላብ ተጠምቃ አገኛት። ምን ደብቀሽ ነው ብሎ አስወለቃት፤ ምንም አላገኘም። እሷ ያሰበችው ራበው ብላ ነው። የራሷን ሙዳይ ከፍታ፣ “እንካ ልጄ፣ ቆሎ ብላ። ጣራ ላይም ስምንት አለ፣ እሱንም ብትፈልግ ፍታ” አለችው። ተሳፋሪው ሳቀ። ፈታሹም ቆሎውን እየበላ ጣራ ላይ ወጣ።

ሊተዋቸው ነበር ይላል ጀማለዲን። ከዚያ አንዱን ሙዳይ አገላብጦ ስፌቱን አየና ቆመ። ይህ የመጋዘን ቋጠሮ ነው አለ። በቀን ስንት መቶ ጆንያ የሚያይ ሰው ነው። ስምንቱንም ፈታ። ስምንት ኪሎ ተኩል ጥሬ ቡና ተገኘ። ለጢፋ ቡናው ሲፈስ አይታ፣ “ያ ረቢ፣ ይሄ የማነው?” ብላ ጠየቀችው ይላል። ከዚያም ከነሙዳዮቹ ወደ ጅማ ተመለሰች።

አሥር አለቃው ስምንቱን ሙዳዮች እዚህ ጠረጴዛ ላይ አሳይተውኛል። ስፌቱ የእኔ ነው። ሦስት ጊዜ ዞሮ በግራ የሚታሰር ነው፤ በመጋዘኑ ካለነው አሥራ አራት ሰፊዎች በግራ የማስር እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ የሚይዝ ቋጠሮ ስለማላውቅ በእሱው አሰርኩት። ኬላ ላይ የሚያውቀው ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ቡናውን ደብቄ ላሳልፍ ያሰብኩ ብሆን በዚያ አልሰፋውም ነበር፤ ግን ይህን የምጽፈው ራሴን ለመከላከል አይደለም።

አሥር አለቃው ቀጥለው አንድ ጥያቄ ጠይቀውኛል። ተጠባባቂዋ አንቺ ነሽ፣ እሷ ብትያዝ የምትሄጂው አንቺ ነሽ፣ አውቀሽ ዝም ያልሽው ለዚህ አይደለም ወይ አሉኝ። መጀመሪያ የምጠጣው ጠየቅኋቸው። ውኃ ሰጡኝ።

መልሴ ይህ ነው። መሄድ እፈልግ ነበር። ንግግሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የሶፊያን ስም በካርታ ላይ የፈለግሁት እኔ ነኝ፤ ቢጫው ደብተሬ ቤት ውስጥ ሳጥኔ ውስጥ አለ፣ አንዳንድ ቀን አውጥቼ አየዋለሁ። እሑድ ሦስተኛውን ሙዳይ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ስፌቱን ልተረትረው መቀስ አነሳሁ። ከተረተርኩ ስምንት ቤት እየዞርኩ ለስምንት ሴቶች የሰጡትን መመለስ አለብኝ። ተቀበሉኝ ብሎ የተሰጠን ነገር መመለስ እኛ ዘንድ ሴትዮዋን ከቤት ማስወጣት ነው። ደክሞኝም ነበር። አራት ወር የሰው ደጅ ጠንቻለሁ። መቀሱን አስቀመጥኩ። ያን ጊዜ ለጢፋ ብትያዝስ የሚል ሐሳብ አልመጣብሽም ወይ ተብዬ ብጠየቅ፣ መጥቷል። ወዲያው ሄዷል፤ ግን መጥቷል። ለዚያ ብዬ ነው ዝም ያልኩት አልልም። ለዚያ ብዬ አይደለም ብዬም መማል አልችልም።

የስምንቱ ሴቶች ስም በየሙዳዩ ወረቀት ላይ አለ፤ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ መካድ አልችልም። ነገር ግን በመጋዘናችን አንድ ደንብ አለ። ጆንያው ክፍት ሳለ የሚጠየቀው ያመጣው ነው። ከተሰፋ በኋላ ግን ለውስጡ የሚጠየቀው ሰፊው ነው፤ ለዚህ ነው እያንዳንዳችን የየራሳችን ቋጠሮ ያለን። ሰፊው ያላመነበትን አይሰፋም። እኔ እያወቅሁ ሰፍቻለሁ። ስለዚህ ቡናው በእኔ ስም ይያዝ።

ለጢፋ ስለ ቡናው አታውቅም። ብታውቅ ኖሮ ፈታሹን ጣራ ላይ ውጣ አትለውም ነበር።

ዛሬ ጧት 3 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ቴሌግራም መጥቷል። ተወካይዋ ስለታሰረች ተጠባባቂዋ በነገው አውቶቡስ ትነሳ፣ አውሮፕላኑ ዓርብ ማታ ነው የሚል ነው። ጓድ ወርቂቱ ምሳ ሰዓት ላይ ቴሌግራሙንና የነገውን የአውቶቡስ ትኬት ቤቴ ድረስ አምጥታ ሰጥታኛለች። “በይ እንግዲህ፣ ለአንቺ የተጻፈ ነው” አለችኝ። ከዚያ በቀጥታ ወደዚህ መጣሁ። ትኬቱ ላይ የተጻፈ ስም የለም። ከዚህ ቃል ጋር አያይዤዋለሁ። አሥር አለቃው የሚፈቅዱ ከሆነ ለለጢፋ ይሰጥልኝ። አምስቱ የካርቶን ሥዕሎች ሻንጣዋ ውስጥ መሆናቸው ይታይላት። ካፖርቱን ግቤን እስክታልፍ እንዳትለብሰው ይነገራት።

ሙዳዮቹ ባዶአቸውን መሄዳቸው ነው። ሴቶቹን ይቅርታ ጠይቃችኋለች በሉልኝ።

ይህን ማንም ሳያስገድደኝ በራሴ እጅ ጽፌ፣ ደግሜ አንብቤ፣ ያየሁትን ካየሁት፣ የሰማሁትን ከሰማሁት ለይቼ ሰጥቻለሁ። የጨመርኩት የለም፤ ለራሴ ብዬ ያስቀረሁትም የለም።

የምስክር ፊርማ፦ ያለምወርቅ ፈለቀ

ቃል ተቀባይ፦ አሥር አለቃ ጎሳዬ ተክሌ (ፊርማ)
ሰዓት፦ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ40

ማስታወሻ፦ ቡናው ስምንት ኪሎ ተኩል በኤግዚቢትነት ተይዟል። ተጠርጣሪ ለጢፋ አባ ቢያ በጣቢያው አዛዥ ትእዛዝ ሐሙስ መጋቢት 18 ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተለቀዋል፤ ሻንጣ፣ ዘጠኝ ሙዳይና አንድ የአውቶቡስ ትኬት ተረክበው በጣታቸው አትመዋል። ከሙዳዮቹ በአንዱ ያለው ቆሎ ስለሆነ አልተያዘም። ግለሰቧ ከመውጣታቸው በፊት በጣቢያው ያደሩትን ምስክር ልይ ብለው ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል፤ ቆሎውን ለስምንት ባዶ ሙዳዮች አካፍለው የቀረውን ለምስክሯ ትተው ሄደዋል። የወ/ሮ ያለምወርቅ ፈለቀ ስም ከምስክር ወደ ተጠርጣሪ መዝገብ ተዛውሯል።
ጎ.ተ.