ወደ ፏፏቴው ማን ይቅደም

ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ጅማ ስመለስ የእህቴ ልጆች እንደሚሰበር ዕቃ ያዙኝ። ጊንጆ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተሰብስበው፣ ተራራው ላይ ባለው ጫካ ውስጥ ወዳለው ፏፏቴ የሚያደርጉትን የእሁድ ጉዞ ሲያቅዱ ትልቋ ሂሩት «እትዬ፣ እርስዎ መጽሐፍዎን ይዘው መኪናው ውስጥ ይጠብቁናል» አለችኝ። «መንገዱ በቀፎ መሃል ነው። ሽቶ የተቀባ ሰው አያልፍም» ብላቸው፣ «ይኼንንም አንብበውት ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ነገሩ አንገበገበኝ።

ወዲያው መንገድ የሚመሩን አባ ዱራ መጡ። ከእኔም የሚበልጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀፎዎቹም የእሳቸው ናቸው። ልጆቹን ሰላም ብለው ሳይጨርሱ አፍንጫቸውን ያዙ። «ምንድን ነው ይሄ ሽቶ? ንቦቼ ይነሱባችኋል! እሁድ ታጥባችሁ ከኋላ ትከተላላችሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ ደህና ነዎት። የማን ልጅ ነዎት?» የአባቴን ስም ነገርኳቸው። «ኤዬ! አብሮኝ ቀፎ ይሰቅል የነበረው? በይ እንግዲህ ልጅት፣ አንቺ ከእኔ ጋር ከፊት ነሽ።»

ልጅት አሉኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ! እሁድ ጠዋት እነሂሩት ሽቷቸውን ለማስለቀቅ ሲታጠቡ፣ እኔ ጫማዬን ጠበቅ አድርጌ አስሬ ጋቢና ገባሁና ክላክሱን ተጫንኩባቸው።