መርዶ ሳይሰሙ ያረፉት የወይዘሮ ዓባይነሽ ናሁሰናይ ዜና ሕይወት

በዚህ ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰባችሁ አባቶች ካህናት፣ የዕድርና የማኅበር ወዳጆች፣ ከሽንዲ፣ ከማንኩሳና ከፍኖተ ሰላም በዚህ አስቸጋሪ መንገድ እስከ ቡሬ የመጣችሁ ዘመዶች፤ የእናታችንን ዘመን በዚህች ወረቀት አሳጥረን አቅርበናልና ጥቂት ታገሡን። ጽሑፉን ያዘጋጀችው ልጃቸው ያምሮት ናት። መጨረሻው ላይ የምንነግራችሁ ነገር ስላለ ሳያልቅ ማንም እንዳይሄድብን እንለምናለን።

ወይዘሮ ዓባይነሽ፣ በክርስትና ስማቸው እህተ ማርያም፣ ከአባታቸው ከመሪጌታ ናሁሰናይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ንግሥቴ፣ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ በ1960 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ወንዶቹን ተማሪዎች ሲያስጠኑ ከደጅ ሆነው እየሰሙ የዳዊትን ግማሽ ያህል በቃላቸው ይዘው እንደነበር እርሳቸው ራሳቸው በአፍረት ያወሩ ነበር። ማንኩሳ ተመላልሰው እስከ አራተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ አባታቸው «ፊደሉን ከለየች ይበቃታል» ስላሉ ትምህርታቸው በዚያው ቆመ።

በ1976 ዓ.ም. ገና የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ከሽንዲው ዲያቆን ባምላኩ ጋር በሥርዓተ ቁርባን ተጋቡ። በዚያ ቀን መሪጌታ ናሁሰናይ ልጃቸውን ለብቻ ጠርተው «ልጄ፣ ይህ እንደ ሰማንያ ወረቀቱ ተቀዶ የሚቀር አይደለም፤ የሚፈታው ሞት ብቻ ነው» ብለው አስጠነቀቋቸው። ወይዘሮ ዓባይነሽ ከአባታቸው ቤት ይዘው የወጡት ትልቁ ነገር ይህ ቃል ነበር፤ የኖሩትም በእርሱ ነው፤ ያጡትን ሁሉ ያጡትም በእርሱ ነው።

ሽንዲ ላይ በቆሎና ጤፍ እያረሱ፣ ጥቂት ከብትም እያረቡ ሲኖሩ አምስት ልጆች ወልደው ሦስቱን በሕፃንነታቸው ቀብረዋል። ሃይለ ሚካኤልና ያምሮት ተረፉ። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የወረደው በረዶ ማሳቸውን እንዳልነበረ ስላደረገው፣ ዲያቆን ባምላኩ በ1999 ዓ.ም. በመስከረም ሚካኤል ዕለት ከሁለት የአገር ሰዎች ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረዱ። ሲወጡ «ለገና እመለሳለሁ፣ ጋቢዬን እጠቢልኝ» ነበር ያሉት። ገና ደረሰ፣ ጥምቀት አለፈ፣ እርሳቸው አልተመለሱም። አብረዋቸው የወረዱት ሰዎች ሌላ እርሻ ላይ ተቀጥረው ስለነበር ያዩት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ዓባይነሽ ጥቁር አልለበሱም፣ ለቅሶም አልተቀመጡም፤ መርዶ አልመጣማ። ያንን ጋቢ በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ አጥበው፣ አጣጥፈው ሣጥን ውስጥ ይመልሱታል። ባለቤታቸው የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛ ስለነበሩም፣ ቦታቸው እንዳይጠፋ ብለው ተራቸው ሲደርስ ድግሱን ራሳቸው ደግሰው «የባምላኩ ነው» እያሉ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አውጥተዋል። ማኅበርተኞቹ እዚህ ስላላችሁ ምስክሮች ናችሁ።

በ2001 ዓ.ም. ልጃቸው ሃይለ ሚካኤል አባቱን ፍለጋ መተማ ወርዶ፣ ሁለት ወር ቆይቶ ተመለሰና «ያየም የሰማም የለም» አለ።

በዓመቱ የባለቤታቸው ወንድም የእርሻውን መሬት ይገባኛል ብለው ስለተነሡ ጉዳዩ ለሽማግሌ ቀረበ። ሽማግሌዎቹም «ዓባይነሽ፣ አንቺ ሞቷል በይ እንጂ ምስክሩን እኛ እናቆምልሻለን፤ መሬቱ ለአንቺና ለልጆችሽ ይጸናል» ብለው መከሯቸው። እርሳቸው ግን ከመቀመጫቸው ተነሥተው «በቁርባን የያዝሁትን ሰው በአፌ አልገድለውም» አሉ። የባለቤታቸው ወንድምም «ነፋስ አግብታ ትኖራለች» ብለው አሾፉባቸው። ሃይለ ሚካኤል በዚያ ቀን ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈሰም። መሬቱም ሄደ።

በ2003 ዓ.ም. ሁለቱን ልጆቻቸውን ይዘው ቡሬ ገቡና በአቶ ጠሃና በወይዘሮ ኡምሀኒ መጋዘን በርበሬ ቀንጣሽ ሆኑ። ሴቶቹ በቀልድ «ዓባይ፣ ሰውዬሽ ዛሬም አልመጣ?» ሲሏቸው «መንገዱ ሩቅ ነው፤ አንቺ በርበሬሽን ቀንጥሺ» ይሉ ነበር። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቢሸፍኑም ብናኙ አልማራቸውም። ሳሉ እየበረታ ሲሄድ፣ በ2006 ዓ.ም. ያምሮት ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ በቦታቸው ተተካች። እናቷ ደብተሮቿን በፌስታል ጠቅልለው ከጋቢው ሥር እያስቀመጡ «አባትሽ ሲመጣ ያስገባሻል» አሏት። ደብተሮቹ ዛሬም ሣጥኑ ውስጥ ናቸው።

ፍኖተ ሰላም ድረስ እየተመላለሱ ታክመዋል። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ግን መንገዱ በተዘጋ ቁጥር በአፍ የሚስቡት መድኃኒት ይቋረጥባቸው ስለነበር በየጊዜው እየደከሙ መጡ። ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት በፊት ሃይለ ሚካኤልን ወደ አልጋቸው ጠርተው «ልጄ፣ ያኔ መተማ ወርደህ በእውነት ምንም አልሰማህም?» ብለው ጠየቁት። «ምንም፣ እማ» አላቸው። እርሳቸውም «እንግዲያ ሲመጣ የተኛሁበትን አሳዩት» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ባለቤታቸው አላነሡም። ትናንት ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።

ወይዘሮ ዓባይነሽ ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች ትተው አልፈዋል። ባለቤታቸውን ከእነዚህ ጋር ያልጻፍናቸው ተረስተው አይደለም።

ሃይለ ሚካኤል በ2001 ዓ.ም. መተማ ላይ አንድ የደምበጫ ሰው አግኝቶ ነበር። ሰውየው ከዲያቆን ባምላኩ ጋር አንድ እርሻ ላይ ያጨዱ ናቸው፤ ዲያቆን ባምላኩ በኅዳር 1999 ዓ.ም. ንዳድ ይዟቸው በአራተኛው ቀን ማረፋቸውን፣ ፍትሐት የሚያደርስ ካህን ባለመገኘቱ ጓደኞቻቸው በማሳው ዳር እንደቀበሯቸው ነግረው የኪስ ዳዊታቸውን አስረከቡት። ሃይለ ሚካኤል አገር ሲገባ ዐቢይ ጾም ነበረና «ትንሣኤ ይለፍ» አለ። ቀጥሎ «ክረምቱ ይውጣ፣ ለለቅሶ ሰው አይሰበሰብም» አለ። ሽማግሌ ፊት በቀረቡ ጊዜ ደግሞ «ለመሬት ብሎ አባቱን ገደለ ይሉኛል» ብሎ ፈራ። በ2008 ዓ.ም. ለእኅቱ ለያምሮት ነገራት። እርሷም ያኔ ነፍሰ ጡር ስለነበረች «ልውለድና» አለች፤ ከወለደች በኋላም «ሳላቸው ጋብ ይበል» አለች። ዳዊቱን እንድታስቀምጥልን ለእትዬ ኡምሀኒ ሰጠናት። እርሷ በየዓመቱ «ኧረ ልጆቼ፣ አጠገቧ እየተቀመጥሁ ዐይኗን ማየት አቃተኝ፤ ንገሯት» ትለን ነበር። አልነገርናቸውም። መርዶው በጊዜው ተነግሯቸው ቢሆን ኖሮ መሬታቸውን ባላጡ፣ በርበሬ ቤትም ባልገቡ ነበር፤ ይህን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ወንድሜ ይህ በጉባኤ እንዲነበብ ፈቅዷል።

አሁን አስከሬናቸው ላይ የምታዩት ጋቢ ያ ጋቢ ነው፤ ዳዊቱም በላዩ ነው። አባቶቻችን ካህናት፣ ለዲያቆን ባምላኩ እስከ ዛሬ ፍትሐት አልደረሰላቸውምና ለሁለቱ ባንድነት እንድታደርሱልን እንለምናለን።

ወይዘሮ ዓባይነሽ፣ ባለቤትዎ ዲያቆን ባምላኩ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በፊት ዐርፈዋል። መርዶው ይኸው ነው።

የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ የእህተ ማርያምንና የባምላኩን ነፍስ አንድ ቦታ ያሳርፍልን። እኛን ይቅር የሚሉን እርሳቸው ነበሩ፤ እርሳቸውም ሳይሰሙ ሄዱ።