የእድሩ ገንቦ

ከኮሶበር ወደ ዳንግላ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ትልቅ ገንቦ ታቅፈው ከፊቴ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለው ጎልማሳ ሳቀ።

«እማማ፣ ሕፃን አስመሰሉት እኮ! ከላይ ከጭነቱ ጋር ቢሆን ምን አለበት?»

«ይሰበርብኛላ ልጄ። የእድር ገንቦ ነው።»

«የእድር? ሸክላ ሠሪን እድር ያስገባሉ እንዴ?»

«ዱሮማ የት! ባሌ የሞተ ዕለት ወንዶቹ አጥር ጥግ ቆመው ቀሩ። የሸክላ ሠሪ ሬሳ አንሸከምም አሉ።»

«ታዲያ ማን ቀበረው?»

«ጠላ ሻጯ ጎረቤቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ‹እሷ በሠራችው ጋን የጠመቅሁትን ስትጠጡ ኖራችሁ፤ ዛሬ የባሏ ሬሳ ቀፈፋችሁ?› አለቻቸው። ሴቶቹን ጠርታ አብረው ቃሬዛውን አነሡ።»

«ሴት ቃሬዛ ስትሸከም አይቼም አላውቅ!»

«እነሱም አላዩማ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሳንደርስ ወንዶቹ አፍረው፣ እየሮጡ መጥተው ተቀበሏቸው። ከተዝካሩ በኋላ እድሩ አስገባኝ። አሁን ከሰው ጋር አለቅሳለሁ፣ ከሰው ጋር እበላለሁ። ይኼ ደግሞ ለለቅሶ ቤት ውኃ የሚቀዳበት ነው። እግዜር ብድራቸውን ይክፈላቸው፣ እኔ ያለኝ አፈር ነው።»

መንገዱ ያንገጫግጨን ጀመር፤ ጎልማሳው እጆቹን ወደ ገንቦው ዘረጋ።

«እማማ፣ ክንድዎ ዛለ። እስቲ እኔ ልታቀፈው።»

እኔም ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ አጠፍኩና፣ ገንቦው እንዳይጋጭ ከሥሩ እንዲያደርግበት አቀበልኩት።