ከሳህ የምትባል ቃል

በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ላይ፣ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በሸሚዙ ስር ሹራብ የሚለብስ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው ጋሽ ባንቴ ብቻ ነበር። ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈር ድፍኑ ሽርጡን አሸርጦ ጥላ ጥላውን ሲል፣ እሱ ላቡ በጀርባው እየወረደ፣ በአንድ እጁ ለስላሳ፣ በሌላው ሐላዋ የሚባለውን ጣፋጭ ይዞ ከአንዲት ሱቅ ወጣ። ዕድሜ ልኩን በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነውና የአገሩን ሙቀት አጥቶት አይደለም። ሹራቡን የለበሰው ወፍራም ለመምሰል ነው።

ሱቁ በር ላይ ከኤሌኒ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ኤሌኒ የሟች ጓደኛው የተክለወልድ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ነርስነት ተምራ፣ አሁን እዚሁ ከተማ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ ሲሸሸው የከረመውን ቃል ሰላምታዋን ሳትጨርስ አወጣችው።

«ጋሽ ባንቴ፣ ምነው እንዲህ ከሱ?»

ያኔ በዚያ መንገድ ሾፌሮች ዘንድ ከሳ ማለት ያ በሽታ፣ ኤድስ፣ ያዘው ማለት ነበር። ምርመራም ምስክርም የሚጠይቅ የለም። ሽመክት የሚባል ሾፌር የከሳ ጊዜ ብርጭቆው ለብቻው ተቀመጠለት፣ ጫት ሲቃም አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ፣ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ብርጭቆውን ከለዩበት ሰዎች አንዱ ጋሽ ባንቴ ነው። አሁን ደግሞ ሞጆ ያለችው ልጁ ትሁን ታጭታ፣ ሰርጓ ለጥር ተቆርጧል። ወሬው የአማቾቹ ጆሮ ከገባ የልጅቱ ነገር አበቃለት። ስለዚህ ሰውነቱን ለመመለስ ጠዋት ሐላዋ፣ ከሰዓት ጫቱ ላይ ለስላሳ፣ ማታ ስኳር የበዛበት ሻይ ይወስዳል። በበላ ቁጥር ይከሳል፤ በከሳ ቁጥር ይበላል።

ሙቀቱ ነው ያከሳኝ ብሎ ሊያልፋት ሲል ማነከሱን አየች። ጫማ ልጦት እንደሆነ፣ ናፍጣ እየቀባበት እንደሆነ፣ ደግሞም ፈጽሞ እንደማያመው ነገራት።

«አያምም?»

«መርፌ ብትሰኪበት አይሰማኝም። የሾፌር እግር እኮ ነው፣ ጠንክሯል።»

እሱ የተናገረው በኩራት ነው። እሷ ግን ደነገጠች። ክንዱን ይዛ ወደ ጥላው ወሰደችውና ውሃ ይጠማው እንደሆነ፣ ሌሊት ለሽንት ይነሳ እንደሆነ ጠየቀችው። ጅቡቲ ላይ የማይጠማው ማን አለ ብሎ ሳቀባት። ነገ መጥተው ደምዎን ይመርመሩ ስትለው ግን ሳቁ ጠፋ።

«ልጄ፣ ደም ሊሰጥ ገባ ከተባልኩ አለቀልኝ። ውጤቱን ማን ይጠብቃል? ከክሊኒክ ስወጣ ያየኝ ሰው ወሬውን ሞጆ ድረስ ይዞልኝ ይሄዳል። እኔስ ኖሬያለሁ፤ የሚያሳስበኝ የትሁን ነገር ነው።»

«ለትሁን ብለው ነው እንግዲህ የሚሞቱት?»

«ሰው ሲወፍር ተመችቶታል ይባላል፤ ሲከሳ ምን እንደሚባል አንቺም ታውቂዋለሽ። ይህን እኔ አላመጣሁትም፣ ስንኖርበት የኖርነው ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሚያሳምመን ይኸው የምንኖርበት ነው። ቀን ተቀምጣችሁ ትነዳላችሁ፣ መኪናው ሲቆም ተቀምጣችሁ ትቅማላችሁ፣ የጫቱን ምሬት በለስላሳ ታወርዱታላችሁ። በሽታ ሲመጣ ደግሞ ስሙን ፈርታችሁ ትደብቁታላችሁ። ያኛው በሽታስ ቢሆን? በታመመ ሰው ላይ ብርጭቆ ይለያል? እርስዎን ግን የያዘዎት ስኳር ይመስለኛል። ሰውነትዎ ስኳሩን ሊጠቀምበት አቅቶት በሽንት ይጥለዋል። በበሉ ቁጥር የሚከሱት ለዚህ ነው። እግርዎም የደነዘዘው ከሱ የተነሳ ነው።»

ስኳር ቦርጭ ያወጡ ሀብታሞች በሽታ ነው ብሎ ተከራከራት። ኤሌኒ ትንሽ አሰበችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ መኪናው ጎማ ስር ሲሸና ጉንዳን ይሰበሰብ እንደሆነ ጠየቀችው።

ጉንዳኑ ከኋላ ጎማው ስር መሰለፍ የጀመረው ከወደቡ ስኳር ጭኖ ሲመላለስ ነበር። ጆንያ የተቀደደ መስሎት ሸራውን ስንት ጊዜ ፈትቶ አስሯል። ኋላ ብረት ጫነ፤ ጉንዳኑ ያን ጊዜም መጣ። እሱም ሸራውን እንደገና ፈታ።

«እሺ፣ እመጣለሁ» አላት።

በማግስቱ ውጤቱ ስኳር ሆነ፣ ያውም እጅግ የበዛ። ያ የፈራው በሽታ ባለመሆኑ ደስ የሚለው መስሏት ኤሌኒ ፈገግ እያለች ነገረችው። እሱ ግን ያሰበው ሽመክትን ነበር።

«ሽመክትም ስኳር ነው ይለን ነበር» አለ። «እየሳቅን ነበር የምንሰማው።»

ከዚያ ወዲያ ያለው ፈጥኖ ሆነ። ሆስፒታል ገብቶ ካልሲው ሲወልቅ ጣቶቹ ጠቁረው ተገኙ። ሐኪሙ በፈረንሳይኛ የተናገረውን ኤሌኒ ተረጎመችለት። ከጥቂት ወራት በፊት መጥቶ ቢሆን ኖሮ መድኃኒትና ጥንቃቄ ይበቃው ነበር። አሁን ግን ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ፣ የነዳጁና የፍሬኑ እግር። ይህ ሁሉ የሆነው አንዲት ቃል ተፈርታ ነው።

ጥቅምት ላይ በክራንች እየሄደ ሾፌሮች ወደሚሰበሰቡበት ወደ ሐዲጃ ሻይ ቤት ገባ። ጠዋት ባለቤቱ ከሞጆ ደውላለት ነበር። የአማቾቹ ሽማግሎች መጥተው፣ አባትየው ስኳር ነው መባሉን ሰምተናል ብለው እርስ በርስ ተያይተው፣ ሰርጉ ይቆየን ብለው ሄደዋል። ከትሁን ጋር አገናኚኝ ቢላት፣ ልጅቱ ስልኩን አልቀበልም አለች። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰም።

ሾፌሮቹ ከአክብሮት ብድግ አሉለት። ሻዩን ያለ ስኳር አዘዘና፣ ኤሌኒ ያስተማረችውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገራቸው። በጊዜ የተመረመረ ሰው ሥራውን ሳይለቅ፣ እግሩም ዓይኑም ሳይጎዳ ልጆቹን እንደሚያሳድግ ነገራቸው። ውሃ መጠጣት፣ መኪናው ሲቆም በእግር መንቀሳቀስ፣ ጫቱን ከነለስላሳው መተው፣ የታመመን ሰው አለማግለል። ሰዎቹ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። ሲጨርስ መሳፍንት የተባለው የቅርብ ወዳጁ አንድ ቀዝቃዛ ለስላሳ ከፍቶ ፊቱ አስቀመጠ።

«ጠጣ ጋሼ። ስኳርም ይሁን ሌላ፣ ሰውነትህ ሲመለስ ወሬውም ይቀራል።»

ይህን ያለው ከልቡ አዝኖለት ነው። ጋሽ ባንቴ ጠርሙሱን ቀስ አድርጎ መለሰለት።

«የኔን በሽታ ተዉት» አላቸው። «አትመኑኝም፣ አልፈርድባችሁም። ብቻ አሁን እዚሁ ጫማችሁን አውልቁና እግራችሁን እዩልኝ።»

ሾፌሮቹ ተያዩ። ጫማውን ያወለቀ አልነበረም። መሳፍንት እግሮቹን ወደ አግዳሚው ስር ሰበሰበ፤ ቀስ በቀስ ሌሎቹም ሰበሰቡ።