ሁለት ባላ ለአንድ ሕንፃ

ጠበቃ ነኝ፤ በሰው ክርክር ውስጥ ጥልቅ ማለት ሥራዬም አመሌም ነው። ያን ቀን ጠዋት ሊፍቱ ቆሞ፣ አራተኛ ፎቅ ወዳለው ቢሮዬ ጉልበቴን እያማረርኩ በደረጃ ስወጣ፣ ሁለተኛው ፎቅ አጠገብ መንገድ ተዘጋብኝ። ሁለት ተሸካሚዎች አንድ ትልቅ ቁም ሳጥን ይዘው ይንገታገታሉ። ከነሱ በላይ፣ ሁላችንም አባ መብራት የምንላቸው የሕንፃው ሽማግሌ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ቆመዋል። ልጅቱ መሐንዲስ ናት፤ አሳድገው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

የቆሙት በኩላሊት እጥበት ክሊኒኩ በር ላይ ነው። የአባ መብራት ባለቤት ውስጥ ማሽን ላይ ተኝተው ሳለ ነበር መብራቱ የጠፋው። ጄነሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ነርሷ ማሽኑን በእጅ እያዞረች ደማቸውን ወደ ሰውነታቸው ስትመልስ፣ ሽማግሌው ከምድር ቤት ሮጠው መጥተው ያዩት ይህንን ነው። አንጀቴን በሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምድር ቤት ውስጥ ሁለት ትራንስፎርመሮች አሉ። አንዱ ሱቆቹን፣ ዳቦ ቤቱን፣ ክሊኒኩንና ሊፍቱን ይመግባል፤ ሌላው ግማሹ ገና ያልተከራየውን የላይኛውን ክፍል ብቻ። የዳቦ ቤቱ ምድጃዎች ሲነሱ የመጀመሪያው ከአቅሙ በላይ ይጫንበትና ኃይል የሚያቋርጠው ብሬከር ይወድቃል፤ ሁለተኛው እንቅልፉን ይለጥጣል። ልጅቱ ሁለቱ ተያይዘው ሸክሙን ይካፈሉ ትላለች። ማያያዣው ብሬከር ሕንፃው ሲሠራ ጀምሮ አለ፤ ግን አባ መብራት በጓጉንቸር ቆልፈውት ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል። የሕንፃው ባለቤትም እሳቸው ካልፈቀዱ አልነካም ብሏል።

«ልጄ፣ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል» አሉ። «እኔም ሁለት ተክያለሁ። ምን አጎደልኩ?»

«ተክለዋል ጋሼ። ግን የቤቱን ግማሽ በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ሰቀሉት። ዛሬ አንዱ ሲወድቅ እትዬ በየትኛው ተንጠለጠሉ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ፍርድ ቤት ቢያጋጥመኝ ቀጠሮ እጠይቅ ነበር። ሽማግሌው የፍርሃታቸውን ምንጭ አወጡት። በወጣትነታቸው አንድ ፋብሪካ ውስጥ አለቃቸው ሁለት ትራንስፎርመሮችን አያይዞ ነበር። ሸክም እንኳ ሳይኖርባቸው አቃሰቱ፣ ጋሉ፤ በመጨረሻ አንዱ ፈንድቶ በውስጡ የፈላው ዘይት የአለቃውን ሁለት እጅ አቃጠለው። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ከዚያ ወዲህ ማያያዝ ማለት ለእሳቸው ማቃጠል ነው።

ልጅቱ አልሳቀችም፤ ይህን ወደድኩላት። የፋብሪካው ትራንስፎርመሮች የቮልቴጅ ማዞሪያዎች በምን ቁጥር ላይ እንደነበሩ በትሕትና ጠየቀቻቸው። አስታወሱ፤ ራቅ ላለው ክፍል መብራቱ ደክሟል ተብሎ የአንዱ ከፍ ተደርጎ ነበር፤ የሌላውን የነካው የለም።

«እነዚህን ሰዎች ይመልከቷቸው» አለች ወደ ተሸካሚዎቹ ዞራ። «አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ አድርጎ ይዟል። ሳጥኑ አልሄደም፤ እነሱ ግን እርስ በርስ እየተገፋፉ በላብ ተጠመቁ። ጥፋቱ ታዲያ አብረው መሸከማቸው ነው?»

«ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው» አለ የታችኛው።

አባ መብራት ፈገግ አሉ፤ እጅ ግን አልሰጡም። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሁሉን ልሸከም ብሎ አብሮ አይወድቅም ወይ አሉ። ጥሩ ሙግት ነበር፤ እሷም አላድበሰበሰችውም።

«ልክ ነዎት ጋሼ። ስለዚህ አንዱ ሲወድቅ መጀመሪያ ምድጃዎቹ በራሳቸው እንዲቋረጡ እናደርጋለን። ዳቦ ይጠብቃል፤ ደም አይጠብቅም። ብሬከሮቹም የሁለቱን ጉልበት መቁረጥ እንደሚችሉ አረጋግጫለሁ። ከማገናኘታችን በፊት ደግሞ በተጓዳኝ ገመዶቻቸው መካከል ያለውን የቮልቴጅ ልዩነት እንለካለን። መለኪያው ዜሮ ካላለ ቁልፉን መልሰው አንገትዎ ላይ ያድርጉት።»

ሕንፃው በተዘጋበት የዕረፍት ቀን እኔም ነገሩ እንዳያልፈኝ ተከትያቸው ወረድኩ። መለኪያው ዜሮ አላለም። ዳቦ ጋጋሪው መብራት ደከመብኝ ብሎ ሲነዘንዛቸው፣ አባ መብራት ራሳቸው የአንዱን ማዞሪያ ከፍ አድርገውት ኖሯል። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ልጅቱ ግን፣ «ቁልፍዎ ባይኖር አንድ ሰው በችኮላ ያያይዛቸው ነበር። ጠብቀውናል ጋሼ» አለቻቸው። ኃይሉን አጥፍተው ማዞሪያዎቹን እኩል አደረጉ፤ እንደገና ለኩ። አባ መብራት መነጽራቸውን ጠርገው ዜሮውን አነበቡ፤ አላመኑም፤ ደግመው አነበቡ። ከዚያ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ጓጉንቸሩን ከፈቱና ማያያዣውን ብሬከር በገዛ እጃቸው አገናኙት። ሁለቱም አልጋሉም፣ አላቃሰቱም።

ከዚያ ወዲህ ሸክሙ እኩል ተካፍሎ ምድጃው ሲነሳ መብራት መጥፋቱ ቀረ። አንዱን ለመጠገን ሲፈለግም ሕንፃውን ማጨለም አላስፈለገም። እኔም ጉልበቴን ማማረር ተውኩ።

አንድ ጠዋት ግን አንደኛው ትራንስፎርመር ተበላሽቶ ወደቀ። ድምፁን የሰሙት አባ መብራት እንደ ልማዳቸው በደረጃው ሽቅብ ሮጡ፤ እኔም ደንግጬ ተከተልኳቸው። ከታች ዳቦ ጋጋሪው ምድጃዬ ቆመ ብሎ ይጮኻል። ክሊኒኩ ውስጥ ማሽኑ በዝግታ ይዞራል፤ ነርሷ ሻይዋን ትጠጣለች።

«ምን ያስሮጥሃል፣ በዚህ ዕድሜህ?» አሉ ባለቤታቸው ከትራሳቸው ቀና ብለው።

«መብራት ጠፋ ብዬ...»

«የት?»

ሽማግሌው ጣሪያው ላይ የሚበራውን አምፖል አዩ፤ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ መኖሬን ረስተው አለቀሱ።