ለፋሲካ የሚቀባው ኖራ

ከበረዶው ወራት በፊት ሙታን የሚታሰቡበት የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሊደርስ ሲል በእኛ መንደር የማይጠረግ ነገር የለም። መጀመሪያ መቃብሩ ይጠረጋል፣ ቀጥሎ ግቢው፣ ከዚያ ደግሞ ከግቢው በር ፊት ያለው መንገድ። ቅጠል ረግፎ የተገኘበት ቤት ባለቤቱ ወይ ታሟል ወይ ጠጥቷል ይባላል። እኔም በዚያ ሰሞን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ለእናቴ መቃብር የገዛሁትን የአበባ ማሰሮ ታቅፌ ከወንዙ ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ሳልፍ፣ ከአቶ ዋለንቲ ግቢ የሚወጣው ጭስ አላሳልፍ አለኝ።

«ና መምህር፣ እሳት ሙቅ!» አሉኝ፤ ከጭሱ ውስጥ ድምፃቸው ብቻ ነበር የሚመጣው።

ገባሁ። አቶ ዋለንቲ ሰማንያን የተጠጉ፣ ሚስታቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ግቢያቸውን ከመጥረጋቸው የተነሣ ዶሮ ብትለቀቅበት የምትጭረው አታገኝም። የፖም ቅጠሉ፣ ሊንደን የሚባለው የጥላ ዛፍ ቅጠሉ፣ የአበባው አገዳ፣ ሁሉ አንድ ላይ ተከምሮ ይጨሳል። ምድሩ እንደ ተላጨ ራስ ተራቁቷል። እኔ ይህን ንጽሕና ሳይ ሁልጊዜ ይበርደኛል፤ ግን በሰው ግቢ ገብቶ እንዲህ አይባልም፣ እጄን ሞቅሁ።

በደቡብ በኩል፣ ከአጥሩ ማዶ፣ የሟቹ የአቶ ዚግሙንት ግቢ ነው። በሁለቱ ግቢ መካከል የነበረችው ትንሽ በር ተቸንክራለች። የቸነከሯት አቶ ዋለንቲ ናቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለብዙ ዘመን ሳይነጋገሩ ኖረው አቶ ዚግሙንት ባለፈው ዓመት በበረዶው ወራት ሞቱ።

«አባባ ዋለንቲ፣ እግዜር ሥራዎን ይባርክ!» አለ የሴት ልጅ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ።

የአቶ ዚግሙንት የልጅ ልጅ ኪንጋ ናት። በከተማው የእርሻ ኮሌጅ ተምራ አያቷ ከሞቱ ወዲህ ግቢውን ልትይዝ ተመልሳለች። አንድ ባልዲና ብሩሽ ይዛለች።

አቶ ዋለንቲ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ከአጥሩ ማዶ የሚናገር ሰው አለ እንዴ? እኔ በዚያ በኩል ያለው ጆሮዬ አይሰማም።»

«ጆሮዎ ባይሰማም ዓይንዎ መቃጠሉ አይቀርም፣» አለች ልጅቷ። «የእኛስ ተቃጠለ። ያን ቅጠል ከሚያጨሱት ለምን አይሰጡኝም? ፖሙን ተዉት፣ የታመመ ቅጠል አለበት፤ የሊንደኑን ብቻ። የጽጌረዳውንና የእንጆሪውን ሥር አለብሰዋለሁ።»

«ቅጠል ታለብሺዋለሽ! ለምን ካፖርት አትሰፊለትም?»

«ካፖርት አያስፈልገውም። ቅጠሉ የተሰጠው ለዚያ ነበር፤ እርስዎ ገፍፈው አቃጠሉበት እንጂ።»

ሽማግሌው ጆሯቸው እንደማይሰማ ረስተው ወደ አጥሩ ቀረብ አሉ። ያኔ ባልዲውን አዩት። በውስጡ የተበጠበጠ ኖራ ነበር። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እንደ አያትሽ!» አሉ። «ደግሞ ጀመራችሁ! በረዶ ሊወርድ ኖራ! ማን ሊያየው ነው? ኖራ የፋሲካ ነው። ጌታ ሲነሣ ሰውም ነጭ ይለብሳል፣ ዛፉም ነጭ ይለብሳል። አባቶቻችን እንዲያ አደረጉ።»

ይህ እውነት ነው። በእኛ አገር በሕማማት ሳምንት ያላየ ሰው የለም፤ ከመንደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ የዛፉ ግንድ ሁሉ ነጭ ካልሲ ያጠለቀ ነው። እንግዳ ሲመጣ ያምራል። አባወራው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ግራና ቀኝ እያየ የማን ኖራ እንደሚበልጥ ይፈርዳል። ኖራው ለዛፉ ምን እንደሚያደርግ የሚጠይቅ ግን አላየሁም፤ እኔም ብሆን አልጠየቅሁም ነበር።

«አባባ፣ የፋሲካው ኖራ ጌጥ ነው፣» አለች ኪንጋ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነው። ዛፉ የሚጎዳው በየካቲት ነው። ቀን ፀሐይዋ ትወጣለች፣ በረዶው ያንጸባርቃል፣ ጥቁሩ ግንድ ይሞቃል። ልጡ በጋ የመጣ መስሎት ይነቃል። ማታ ውርጩ ይመለሳል። የነቃው ልጥ ይቀዘቅዝና ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። ነጭ ከሆነ ግን ፀሐይዋን ይመልሳታል፣ አይሞቅም፣ ተኝቶ ይከርማል። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል፣ ከበረዶው በፊት ነው የሚቀባው።»

«ተሰነጠቀ አልሽ?»

«አዎ።»

አቶ ዋለንቲ ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ልጅቷ በአጥሩ ማዶ ተከተለችን። በአጥሩ ጥግ ተሰልፈው የቆሙ ጉቶዎች አሳዩኝ። ሚስታቸው አፖሎንያ የተከሏቸው የፖም ዛፎች ነበሩ፤ ጎምዛዛ፣ ለኬክ የሚሆን ቢጫ ፖም። ከጉቶዎቹ መካከል አንድ ለጋ ዛፍ ቆሟል፣ ግንዱ ከእጄ አንጓ ብዙም አይወፍርም።

«ከአፖሎንያ ዛፍ ቆርጬ ያዳቀልኩት ነው፣» አሉ። «ከሷ እጅ የቀረኝ ይኸና ከድርቆሽ ቤቱ ጀርባ ያለው አሮጌው ብቻ ነው። ሌሎቹን ሰው ገደላቸው። ፀሐይ አይደለም። ሰው!»

«ማን?» አልኩ፤ ማንን እንደሚሉ ባውቅም።

«ዚግሙንት ነዋ! አንድ ቀን ልክ እንዲህ ባለው ወራት፣ ልክ እንዲህ ያለ ባልዲ ይዞ በአጥሩ ላይ “ዋለንቲ፣ ዛሬ ካልቀባህ ለፋሲካ የምትቀባው ሬሳ ነው” አለኝ። ስድብ መስሎኝ ሳቅሁ። በረዶው ሲቀልጥ ብወጣ የትልቁ ዛፍ ልጥ ተተርትሯል። በየት በኩል? በሱ በኩል! በዓመቱ ሌላው፣ አሁንም በሱ በኩል። አንድም ቀን ወደ እኔ ቤት በሚያየው ጎን ተሰንጥቆ አያውቅም። አስፈራራኝ፣ እንዳለውም አደረገ። ይህን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት ያስፈልጋል?»

ልጅቷ ቀላች። የምትሳደብ መስሎኝ ነበር። ባልዲውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና፣ «አባባ፣ አንዴ ወደኛ ይምጡ። አንድ ነገር ላሳይዎ፤ ከዚያ በኋላ አያቴን እንደፈለጉ ይስደቧቸው፣» አለች።

«እዚያ ግቢ እግሬ አይረግጥም።»

«ፈሩ እንዴ?»

ይህች ልጅ ሽማግሌ የሚነካበትን ቦታ ታውቃለች። አቶ ዋለንቲ መጥረጊያቸውን ወርውረው በመንገዱ ዞረው ሄዱ፤ እኔም አበባዬን ታቅፌ ከኋላ። በአቶ ዚግሙንት ግቢ በወንዙ ዳር አንድ ያረጀ የእንኮይ ዛፍ አለ። ግንዱ ላይ የዳነ ትልቅ ጠባሳ ይታያል፤ ልጡ ከግራና ከቀኝ ከንፈር ሠርቶ ገጥሟል።

«ይህ አያቴ ኖራ መቀባት ሳይጀምሩ የተሰነጠቀ ነው። በየት በኩል ነው?»

«በወንዙ በኩል፣» አሉ አቶ ዋለንቲ።

«ታዲያ ማን መታው? ዓሣ ነው?»

አቶ ዋለንቲ ጠባሳውን በጣታቸው ዳሰሱት።

«እርስዎ መጥተው ተበቀሉት እንዳልል፣ ጠባሳው ለእርስዎ ቤት ጀርባውን ሰጥቶ ነው ያለው። የእርስዎም የተሰነጠቀው በደቡብ፣ የእኛም በደቡብ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ በየት በኩል ናት? የእኛ ቤት በደቡብዎ መሆኑ የአያቴ ጥፋት ነው?»

«ከድርቆሽ ቤቱ ጀርባ ያለውስ?» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ያም ኖራ የሚቀባው በፋሲካ ነው። እሱስ ለምን ዳነ? እሱን እግዜር ጠበቀልኝ።»

«እግዜርማ ጠበቀው። በድርቆሽ ቤቱ ጥላ ጠበቀው። በየካቲት ፀሐይ አታገኘውም።»

አቶ ዋለንቲ ቀና ብለው በአጥሩ ላይ ወደ ገዛ ግቢያቸው ተመለከቱ። ግቢያቸውን ከዚህ በኩል ካዩት ስንት ዘመን እንደሆነ እንጃ። ጉቶዎቹን፣ ድርቆሽ ቤቱን፣ ለጋውን ዛፍ አንድ በአንድ አዩ። ነገሩ እንደ ገባቸው አወቅሁ፤ እንዲገባቸው አለመፈለጋቸውንም አወቅሁ።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «የምትዪው ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ይህ እውነት ከሆነ ያ ሰው ምንም አላደረገኝም። አስከሬኑ በደጄ ሲያልፍ መጋረጃ ዘግቼ ተቀምጫለሁ። አብረን ቆርበን፣ አብረን ወታደር ቤት ሄደን፣ ቀብሩ አልወጣሁም። ስለዚህ እውነት ባይሆን ይሻለኛል።»

 የኪንጋ ዓይን እንባ ሞላ። 

«አያቴ ሁልጊዜ ይቆጩ ነበር፣» አለች። «“እኔ ብነግረው ያስፈራራሁት መሰለው፤ ደግሜ ብነግረው ደግሞ ይብሳል” ይሉ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሰው አልላከብኝም?»

«እርስዎስ ለምን አልጠየቋቸውም?»

ነገሩ ይኸው ነው። አንዱ ዳግመኛ ለመናገር ኮርቶ፣ ሌላው ለመጠየቅ ኮርቶ፣ በመካከል የአንዲት ምስኪን ሴት ዛፎች አለቁ። የእኛ መንደር ሰው ከደጁ ላይ ቅጠል ሲያይ ዕረፍት የለውም፤ ቂሙን ግን ሳይጠርግ ስንት በረዶ ያሳልፋል። ይህን የምለው በሌላ ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ግን ያን ቀን በሁለቱም ተናድጄ ነበር።

አቶ ዋለንቲ እጃቸውን ዘረጉ። «ብሩሹን ስጪኝ። ኖራው ውስጥ ምን ጨመርሽበት?»

«ጭቃና የላም እበት። ኖራው ብቻውን ከሆነ ዝናብ ያጥበዋል። ቀኑ ደረቅ ሲሆን፣ ከሥሩ እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ፣ በፀሐይዋ በኩል ወፈር አድርገው ይቀቡት።»

ወደ ግቢያቸው ተመለስን፤ እሳቸው የአፖሎንያን ለጋ ዛፍ ቀቡ። ኖራው እየተንጠባጠበ ጫማቸውም ነጭ ሆነ። ከዚያ ያልተቃጠለውን የሊንደን ቅጠል በመንሽ አፍሰው በአጥሩ ላይ ለልጅቷ አቀበሏት። እሳቱን በውሃ አጠፉት። እኔ ልሰናበት ስል ባልዲውን አንሥተው እንደገና ወደ መንገዱ ወጡ።

«ወዴት ነው አባባ?» አለች ኪንጋ። «የእኛን እኔ እቀባዋለሁ።»

«አንቺ ተቀመጪ። የዚግሙንትን እኔ ነኝ የምቀባ።»

በበዓሉ ማታ መካነ መቃብሩ በሻማ ብርሃን ቀይ ሆኖ ሳለ አየኋቸው። በአቶ ዚግሙንት መቃብር ፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። ሻማ አስቀምጠዋል፣ ከሻማው አጠገብ ደግሞ ከድርቆሽ ቤቱ ጀርባ ካለው ዛፍ የተለቀመ አንድ ቢጫ ፖም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። እንዳላየሁ ሆኜ አለፍኩ።

በየካቲት የኪንጋ ነገር ደረሰ። ቀኑ ሰውን ካፖርት እያስወለቀ፣ ሌሊቱ የጉድጓድ ውሃ በረዶ እያደረገ ከረመ። በመንደሩ ስንት ዛፍ ተሰነጠቀ። ቅጠል ያልለበሰ እንጆሪም ሥሩ ደረቀ፤ የኪንጋ ግን ከበረዶው ሥር አረንጓዴ እንደሆነ ወጣ። ሰው ያየውን ያምናልና ዛሬ በእኛ መንደር ብዙ ቤት ኖራ የሚበጠብጠው ከበረዶው በፊት ነው፣ ደህናው ቅጠልም በእሳት ፈንታ ወደ አበባው ሥር ይሄዳል። ጭሱ ስለቀነሰ በዚያ ወራት ልብስ ውጭ ማስጣት ተችሏል።

በፋሲካ ሰሞን በአቶ ዋለንቲ ደጅ ሳልፍ የተቸነከረችው ትንሽ በር ተከፍታ አየሁ። እሳቸው ለጋው ዛፍ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ግንዱን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ በደቡብ በኩል አንድ ጭረት የለበትም። ቅርንጫፉ ላይ እንቡጥ ጀምሮታል።

«እንኳን ደስ ያለዎት!» አልኩ። «ዳነልዎ እኮ!»

«ዳነ፣» አሉ። «በረዶው መቅለጥ ከጀመረ ጀምሮ በየጧቱ እየወጣሁ አየው ነበር። እውነቱን ልንገርህ መምህር? አንዳንድ ቀን እንዲሰነጠቅ እመኝ ነበር። ቢሰነጠቅ ልጅቷ ተሳስታለች፣ ዋለንቲ ልክ ነበር እል ነበር። ይኸው ደህና ሆኖ ቆመብኝ።»

ከግንዱ ላይ እጄን አነሣሁ።

«ለተማሪዎችህ ስለ ኖራው ትነግራቸዋለህ አሉ። ንገራቸው፣ ጥሩ ነው። ግን ዚግሙንት በአጥሩ ላይ ሲጠራኝ ምን ማለትህ ነው ብዬ መጠየቅ እችል እንደነበርም ንገራቸው። አንዲት ቃል ነበረች።»

ከዚያ ወደ ተከፈተችው በር ተመለከቱ፤ የሚመጣ ሰው እንዳለ ሁሉ ብዙ ቆይተው ተመለከቱ።